ልክ

ሱቄ አራዳ ነው፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፤
በሩ ጠባብ ቢሆን ብርሃኑ የሚበቃን።
ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ኢዮስያስ
ከማሽኔ እግር ሥር፣ የጨርቅ ክምር ትራስ
አድርጎ ተጋድሟል፤ ስልኬ ላይ ያፈጣል፤
ስጠራው አይሰማም፣ ጣቱ ይሯሯጣል።

«ምንድን ነው?» አልሁት።
«ጨዋታ ነው አባባ፤
ብር አያስከፍልም፣ ነጻ ነው፣ ዝም ብለህ ግባ።»

ነጻ!
ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ስሰፋ
ገበርዲን በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ አላየሁም፤ ኖሮ ከነበረም ጠፋ።
እኔ የማውቀው ሌላ ነው ነጻ፤
ከእድፍ የጠራ፣ ከዕዳ የነጻ።

እናቱ አዝመራ ማታ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትመጣ
«ንጠቀው!» ትላለች፣ «ይሄ ነገር ዓይኑን ሳያወጣ!»
ሰዓት ጠጋኙ መኳንንት ደግሞ «ተወው፣ ልጅ ነው፤
ዘመኑ የእርሱ ነው።»
ሁለቱም ፍርድ የሰጡት ሳያዩት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳልለካ አልቆርጥም፤
የሰው ትከሻ አይቼ በግምት አልመርጥም።
መነጽሬን ጠረግሁ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣልሁ፣
«እስቲ አሳየኝ» አልሁት፤ ከጨርቁ ላይ አጠገቡ ቁጭ አልሁ።

የመጀመሪያው ውስጥ ሰይፍ የያዘ ሰው አለ፤
ደም ይረጫል፤ የሞተው ተነሥቶ ደግሞ ተገደለ።
«አይሞትም እኮ!» ይለኛል ልጄ፤
እኔ ሳላስበው መቀሴን ጨበጥሁ በእጄ።
ጥግ ላይ ሣጥን አለ፣ እንደ ጥምቀት ጃንጥላ ቀለሙ የበዛ፤
«ለአንተ ብቻ፣ አሁኑኑ» እያለ ይሽከረከራል፣ ልብ የሚገዛ።
ከሥሩ ጽሑፍ ይወርዳል፤ እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ አላነብም።
ልጄም ግማሹን ይገምታል እንጂ አያውቅም።
ማራኪ ግቢ የምትማረውን የመኳንንትን ልጅ ትርሲትን ጠራኋት፤
ጉርድ ልታሳጥር መጥታ ነበር፤ ስልኩን ሰጠኋት።
አነበበች። ዝም አለች። ደግሞ አነበበች።
«‹ዕድሜህ ስንት ነው? ትምህርት ቤትህ የት ነው?› የሚል አለ» አለች።
ማን?
ስም የለውም። ፊቱ የነብር ሥዕል ነው።
በሬን ሳያንኳኳ ከልጄ ጎን የተቀመጠው ማነው?

ነገሥታቱ እንኳ ያን ግንብ ሲያጥሩ
ለየበሩ ዘብ አቆሙ፣ ለየበሩ ሰጡ ስም፤
የእኔ ስልክ ስንት በር እንዳለው ቆጥሬው አላውቅም።

ሁለተኛው ግን ደህና ነው፤ ጡብ በጡብ መደርደር፣
ድልድይ መሥራት፣ ሲፈርስ እንደገና መጀመር።
ማንም አይጠይቅህም፣ ደምም አይፈስ፤
ብቻ የኳስ ቁማር ማስታወቂያ አልፎ አልፎ ይደርስ።
«መዝጊያው የት ነው?» አልን፤
ፈልገን ፈልገን፣ ከጤፍ ያነሰች ምልክት ጥግ ላይ አገኘን።

ለመለካት ያህል አንድ ጊዜ ልሞክር አልሁ።
ጡብ ወረደ። ሌላ ጡብ። ደረደርሁ።
«አባባ፣ ተራዬ ነው!» «ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ቀረኝ።»
«አባባ!» «ቆይ አልሁህ!»
ሽታው ነው የነገረኝ።
የአቶ ደመላሽ ኮት ካውያው ሥር ነዷል፤
ጀርባው መካከል የካውያው ቅርጽ ቀርቷል።
አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጢሜ ሸብቷል፤
መደርደሩስ ቀላል ነው፣ ማቆሙ አቅቶኛል።

ዛሬ ወላጆች ሲጠይቁኝ ያን ኮት አሳያለሁ፤
«አብራችሁ ተጫውታችሁ እዩት፣ ካውያችሁን አንሥታችሁ» እላለሁ።

የሰይፉን ሰው አጠፋሁት፤ ኢዮስያስ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤
በሦስተኛው ስለ ድልድዩ ጠየቀኝ።
የጡቡ ቀርቷል፤ እዚሁ ሱቅ፣ ከጎኔ፣
አንድ ቦቢን ክር እስኪያልቅ በማሽኔ።
ክሩ ሲያልቅ የማሽኑ ድምፅ ይለወጣል፤
እርሱም ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ስልኩን ይሰጠኛል፣ አንዳንዴ ይለምናል፣
አንዳንዴ ደግሞ በቀጭን ክር እንድሰፋ ይመክረኛል።

ማታ አዝመራ ስልኩን ከእጄ ላይ አየች፤
«የአንተስ ቦቢን?» አለች።

ለተማሪ ሱሪ ስሰፋ፣ ከእግሩ ሥር
አራት ጣት አጥፌ እተዋለሁ፤
ዘንድሮ ልኩ የሆነው ከርሞ ያጥረዋል፤
ያን ጊዜ ሜትሬን ይዤ
እፊቱ እንደገና እንበረከካለሁ።